ፈረንጁ «ፊለም» ሲል ማንም አልሳቀም

የሒርማታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጅማ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስሙ ይቆይ። በወረቀት ላይ ጸሐፊ ነኝ። በተግባር ግን ኢሜይል የምጽፈው፣ ስልክ የማነሳው፣ ከውጭ ገዢ ሲመጣ ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሞላኝ። የታጠበ የሊሙ ቡና ከደረቁ የጅማ ቡና በምን እንደሚለይ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለ ቡና ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን፣ ቅምሻ ላይ ነጥቡ ለምን እንደወረደ፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። በእንግሊዝኛም እመልሳለሁ።

ባለፈው ወር ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው አንድ ገዢ መጣ። ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን ማጠቢያ ጣቢያው እስክንደርስ ሰውዬው አውርቶ አይጠግብም፤ እኔ ደግሞ ከሦስት ቃል አንዱ ነው የሚገባኝ። «የስ፣ የስ» እያልኩ በሆዴ «አለቀልኝ፣ ለካ እንግሊዝኛ አልችልም» እላለሁ። ቆይቶ ወሬ መሃል «ፊለም» አለ። ፊልም ማለቱ ነው! በ«ል» እና በ«ም» መሃል አንድ ትንፋሽ አስገባ፤ ልክ አያቴ «ፊሊም» እንደሚሉት። «ገርል» የምንለውንም «ገረል» ነው ያለው፤ ር-ዋ ጥርት ብላ ትሰማለች፣ እንደኛው። ሾፌራችንም ሰምቷል። ማንም አልሳቀም። አያቴ ሲሉት ግን ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

የሚያበሳጨኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰውዬው በሄደ በሳምንቱ አለቃዬ ጠራኝና ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ልጅ መቅጠሩን ነገረኝ። «ከእንግዲህ ስልኩን እሱ ያንሳ። ያንቺ ይገባል፤ ግን የአበሻ እንግሊዝኛ ነው» አለኝ። ልጁን አልጠላውም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን የ«ናቹራል» (የደረቁ) እና የ«ዎሽድ» (የታጠበው) ቡና ልዩነት ምን እንደሆነ በወረቀት ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍኩለት። ስልኩን አንስቶ የጻፍኩትን በአፍንጫው አነበበላቸው። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ በኩራት ራሱን ይነቀንቃል። የኔው ዓረፍተ ነገር እኮ ነው! ኮማው ሳይቀር የኔ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና «ዋረር፣ ዋረር» እያልኩ ውሃ መጥራት ተለማመድኩ። ወንድሜ «አሜሪካ መቼ ገባሽ? ሻንጣሽስ የታለ?» አለኝ። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ጉሮሮሽን አመመሽ እንዴ?» ወላሂ አፈርኩ።

እና ምን ላድርግ? አክሰንቴን ልቀይር? ብቀይርስ ወደ የትኛው፣ ወደ አሜሪካ ወይስ ወደ እንግሊዝ? ፈረንጆቹስ እርስ በርሳቸው በአነጋገር ይናናቃሉ ወይስ ይሄ የኛ ብቻ በሽታ ነው?

ቦሳ_ኪቶ፦

ወረቀቱን መጻፍ አቁሚ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ራሱ እየጮኸ ይመጣልሻል።

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ፈረንጅ ሲሳፈር «አባ ጅፋር ፓላስ፣ ቱ ሀንድረድ» እላለሁ። ይገባቸዋል። ስለ አክሰንቴ ያነሳ የለም፤ ስለ ዋጋው ግን እስከ ጅሬን ዳገት ድረስ ይከራከሩኛል።

ጡረተኛ_መምህር፦

ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ብረዝም ይቅር በይኝ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ይናናቃሉ፤ ከኛም ይብሳሉ። እንግሊዝ አገር ሰው አፉን ሲከፍት የተወለደበት ከተማ ብቻ ሳይሆን አባቱ ምን ሠርቶ እንዳሳደገው፣ የት ትምህርት ቤት እንደገባ ጭምር ይታወቅበታል። ሪሲቭድ ፕሮናንሲዬሽን የሚባለው አነጋገር የአንድ አውራጃ ሰዎች አነጋገር አይደለም፤ ገንዘብ ከፍለው አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች አነጋገር ነው። ቢቢሲ በ1926 እ.ኤ.አ. ቃል እንዴት መነበብ እንዳለበት የሚወስን ኮሚቴ እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ዊልፍሬድ ፒክልስ የሚባል የዮርክሸር ሰው በአገሩ ቅላፄ ዜና እንዲያነብ ተደረገ። አድማጩ አጉረመረመ። ዜናው ያው የጦርነት ዜና ነው፤ ያንኑ ዜና የሰሜን ሰው ሲያነበው ግን ሰው ጆሮውን አቆመ።

አሁን እስቲ አንዷን ር ብቻ ተከትለሽ ሂጂ። ድሮ እንግሊዝ አገር ር በየቦታዋ ትሰማ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ለንደንና አካባቢዋ ከአናባቢ በኋላ የምትመጣውን ር መዋጥ ጀመሩ፤ «ካር» የነበረው «ካ» ሆነ። እየቆየ መዋጡ የጨዋ ሰው ምልክት፣ ማሰማቱ የገበሬ ምልክት ሆኖ አረፈው። ስኮትላንድና አየርላንድ ግን አልዋጧትም። የግላስጎው ሰውዬሽ ር እንደኛ የጠራችልሽ ለዚህ ነው።

ባሕሩን ተሻግረሽ ኒውዮርክ ስትደርሺ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይቆይሻል። በ1962 እ.ኤ.አ. ዊልያም ላቦቭ የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ ሦስት መደብር ገባ፤ አንዱ የሀብታም፣ አንዱ የመካከለኛ፣ አንዱ የድሃ። አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቀውን ዕቃ የት እንደሚገኝ ሻጮቹን ይጠይቃል። «ፎርዝ ፍሎር» ይሉታል። እንዳልሰማ ሆኖ ያስደግማቸዋል። ከዚያ ዞር ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱን ር-ዎች አሰሙ ወይስ ዋጡ? የሀብታሙ መደብር ሻጮች ብዙዎቹ አሰሙ፤ የድሃው መደብር ሻጮች አብዛኞቹ ዋጡ። እንግዲህ ለንደን ላይ ር-ን የዋጠ ጨዋ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ ር-ን የዋጠ ምስኪን ነው። ር-ዋ ምን አጠፋች?

ወደ ጅማ ልመለስ። የእርሻ ትምህርት ቤቱ፣ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የተቀላቀለው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሊያስተምሩ የመጡት የኦክላሆማ ሰዎች ነበሩ። የኦክላሆማ ገበሬዎች በ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ አፈናቅሏቸው ካሊፎርኒያ ሲገቡ «ኦኪ» የሚል ስድብ ነበር የጠበቃቸው። ጅማ ላይ ግን የኦክላሆማው አነጋገር የፈረንጅ አፍ ሆኖ ተከበረ። አባቴ እዚያ ግቢ ውስጥ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። የሚያውቁት እንግሊዝኛ «ሃውዲ» ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለንደን ተምሮ የመጣ የሰፈራችን ሰው ሲመጣ «ሃውዲ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰውየው ሳቀባቸውና «ሃው ዱ ዩ ዱ ነው የሚባለው» አላቸው። አባቴ አልተቀበሉትም። «እኔን ያስተማሩኝ ፈረንጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንተን ማን አስተማረህ?» አሉት። እስኪሞቱ ድረስ «ሃውዲ» ነበሩ።

እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል የሰላም ጓድ አሜሪካዊ አስተማረኝ፣ አሥረኛ ክፍል ህንድ። አንዱ «ስኬጁል» ያስባለኝን ሌላው «ሼዱል» ብሎ አረመኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሐበሻ መምህር መጣና «የክፍለ ጊዜ ድልድል» አለን፤ ተገላገልን።

ስለዚህ አክሰንትሽን ለመቀየር አትልፊ። የጠራ ተናገሪ፣ ረጋ በይ። አለቃሽ የሚሰማው እንግሊዝኛ አይደለም፤ የአየር ትኬት ነው የሚሰማው።

ጅሬን_ላይ፦

ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የማስተርስ ተማሪ ነኝና ሰሞኑን ያነበብኩት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ሩቢን የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ አንድ የተቀዳ ትምህርት ለተማሪዎች አሰማ። ድምፁ አንድ ነው፣ የአሜሪካዊት ተናጋሪ ድምፅ። ለግማሾቹ የነጭ ሴት ፎቶ፣ ለግማሾቹ የእስያዊት ሴት ፎቶ ፊታቸው ተቀመጠ። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት የውጭ አገር አክሰንት «ሰሙ»፤ የትምህርቱ ይዘትም ያነሰ ነው የገባቸው። ካሴቱ አንድ ሆኖ ማለቴ ነው።

ልጁ ሲቀጠር ኮፍያ አድርጎ ነበር? የቤዝቦል?

የሒርማታዋ፦

@ጅሬን_ላይ አድርጎ ነበር 😂 ቢሮ ውስጥም አያወልቀውም።

ጋሼ፣ የአባትዎ ታሪክ አሳቀኝም አስለቀሰኝም። ነፍስ ይማር።

ትራንዚተሩ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እኔ ግን ለአለቃዋም ትንሽ ልከራከርለት። አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ዕቃ ማስተላለፍ ነው። ስልክ ላይ የተሰማ ቁጥር ብር ነው። አንድ ጊዜ «ፊፍቲን» ብዬ «ፊፍቲ» ተብሎ ተጻፈብኝ፤ 15 የነበረው 50 ሆኖ ወረቀቱ ሁለት ቢሮ ካለፈ በኋላ ነው የተያዘው። እርማቱ ሦስት ቀን ፈጀ፣ ሦስቱንም ቀን የተሰደብኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ የት ነው? እኛ ቃሉን እኩል እኩል እየረገጥን ነው የምንሄደው። የእነሱ ጆሮ ደግሞ ክብደቱ የት እንደወደቀ ነው የሚያዳምጠው፤ 15 ሲሆን መጨረሻው ላይ ይጫናሉ፣ 50 ሲሆን መጀመሪያው ላይ። የመጨረሻዋን «ን» አይጠብቋትም። አሁን «ፊፍቲን» ካልኩ በኋላ ሁልጊዜ «ዋን ፋይቭ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳተብኝም።

ይሄን ተማሪ እህቴ። አፍንጫውን ለልጁ ተይለት።

የኮቺ_ልጅ_በርሚንግሃም፦

ሰላም የአገሬ ልጅ። እኔ በርሚንግሃም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስሠራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ መምህሩ ያሉትን በዓይኔ አይቻለሁ። አብራኝ የምትሠራ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት አለች። ባንክ ስትደውል ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ከንፈሯን ትሰበስባለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይሆናል። ስልኩን ስትዘጋ ትመለሳለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ካልቀየርኩ ደደብ ነች ይሉኛል» አለችኝ። የበርሚንግሃም አነጋገር እንግሊዞች ራሳቸው ደረጃ ሲያወጡ ከግርጌ አይጠፋም።

የሚገርመው እኔ ስመጣ የእሷም፣ የለንደኑም፣ የሊቨርፑሉም ለጆሮዬ አንድ ነበር። ሁሉም ፈረንጅ። አስቀያሚ የሚባለው የቱ እንደሆነ ሰው ነግሮኝ ነው ያወቅሁት። አሁን ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የለየለት የበርሚንግሃም ልጅ። እናቴ ከኮቺ በስልክ ትሰማውና «ማሻ አላህ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጣው» ትላለች። እኔ ግን ሰዎቹ የነገሩኝን መስማት ጀምሬያለሁ። አንዳንዴ ላርመው አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። በምን አፌ ነው የማርመው?

እዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የእኩልነት ሕግ አለ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ዘር፣ ሃይማኖት እያለ ዘጠኝ ነገር ይዘረዝራል። አክሰንት በስሙ የለበትም። ሴትየዋ ይህን ስነግራት አልገረማትም።

ኢልመ_ሰቃ፦

እኔ የመጣሁት በሌላ በር ነው፤ ቅር እንዳትሰኙ።

ሰቃ ነው የተወለድኩት። ቤት ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ኦሮምኛ። ሰባተኛ ክፍል ጅማ ከተማ አጎቴ ጋ ገባሁና አማርኛ ከመንገድ ለቀምኩ። አንድ ቀን ሱቅ ተልኬ «ቦስታ ስጠኝ» አልኩ። ባለሱቁ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርቶ አስደገመኝ። «ምን ልስጥህ?» «ቦስታ።» «ምን?» እኔ ደግሞ ያልሰማኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እስከ አሥረኛ ክፍል ስሜ ቦስታ ነበር።

ኦሮምኛ ውስጥ ጵ አለች፣ ቀጥ ያለችው ፐ ግን በተውሶ ቃል ብቻ ነው የምትገባው። አማርኛስ? ፖስታ፣ ፖሊስ፣ ፓስታ፣ ፕሮፌሰር፣ ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ፊደል ገበታው ላይ እንኳ ፐ ጭራ ላይ ነው የተሰለፈችው። የሳቁብኝ ራሳቸው በተበደሩት ነገር ነው። ዛሬም መድረክ ላይ ኮሜዲያን ሲጠፋበት የኛን አማርኛ ያወጣል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

እና የሒርማታዋ እህቴ፣ በእውነት የተበደልሽ ነሽ፣ አልካድኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቢሯችሁ ውስጥ እንደኔ የሚናገር ሰው አለ? እሱን ስንት ጊዜ ስቃችሁበታል?

የሒርማታዋ፦

ሦስት ቀን ዝም ያልኩት @ኢልመ_ሰቃ ጥያቄህን እየሸሸሁ ነው።

አለ። ቀማሻችን ናቸው። ሁላችንም «አባ» ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ይመስለኛል። ማንኪያዋን ወደ አፋቸው አስጠግተው ፉት ሲሉ ድምፁ በር ላይ ይሰማል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሰማንያ ሁለት ቦይንት» ይላሉ። ከመቶ ነው የሚሰጠው፣ ሰማንያን ካለፈ ቡናው ደህና ገንዘብ ያወጣል። የላብራቶሪው ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ እሳቸው ካሉት ቢበዛ በአንድ ነጥብ ነው የሚርቀው። እኛ ደግሞ ምሳ ላይ እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን «ቦይንት፣ ቦይንት» እንላለን። ከሁሉ አስመስዬ የምለው እኔ ነኝ። አንዴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ሰምተዋል አልሰሙም አላውቅም፤ ቡናቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚህ የባሰውን ልናገር። ገዢ ሲመጣ አባ ቅምሻ ክፍል ውስጥ ቆይተው አያውቁም። «አባ፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ አስረዳለሁ» እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛቸው እኮ ለሥራው ይበቃል፤ የቅምሻ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት ኖረዋል። ይውጡ ያልኳቸው የሚያሳፍሩን መስሎኝ ነው። አለቃዬ እኔን ከስልኩ ያነሳበት ምክንያት በምን ይለያል? በምንም።

ትናንት የግላስጎው ሰውዬ አዲስ ናሙና ሊያይ ተመልሶ መጣ። መኪና ውስጥ ደፈር ብዬ «ይቅርታ፣ ሲፈጥኑ አይገባኝም» አልኩት። ሳቀ። ለንደን ላይም አስተናጋጆቹ እንደሚያስደግሙት፣ ከለንደን ሰው ጋ ሲያወራ ቀስ እንደሚል፣ እህቱ ደግሞ «እንግሊዝ ሆንክብን» እያለች እንደምትቀልድበት ነገረኝ። ወንድሜን አስታወሰኝ። ከዚያ ቀስ አለልኝ፤ ይህን ሁሉ የነገረኝን የሰማሁት ለዚህ ነው።

ቅምሻ ክፍል ስንገባ አባ እንደልማዳቸው ሊወጡ ተነሱ። «አባ፣ ዛሬ እርስዎ ይንገሩት» አልኳቸው። ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ማንኪያቸውን አነሱ። ሰውዬው ከጎናቸው ቆመ፤ ሁለቱም ተራ በተራ ፉት አሉ፣ የሰውዬው ፉት ከአባ ይብሳል። አምስተኛው ሲኒ ላይ አባ ዓይናቸውን ጨፈኑና «ኤይቲ ፎር ቦይንት» አሉ። ሰውዬው ቀና ሳይል ወረቀቱ ላይ 84 ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ሲኒ አለፈ።

ስልኩን አሁንም የሚያነሳው ያ ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት «ፉልሊ ዎሽድ» ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደሚቆይ ጻፊልኝ አለኝ። ወደ አባ ላክሁት።